በ88 ዓመት የተሰጠ ዜግነት

(በደብረ ማርቆስ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንዲት ከባሕር ማዶ ስለ መጡ እናት እንናገራለን። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የተወለዱት በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን ጋር ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ውላቸው የ3 ዓመት ብቻ ነበር። ሆኖም ዕድሜያቸውን ሁሉ እዚሁ አሳለፉት። እ.ኤ.አ. በ1993 ባለቤታቸው ሲያርፉ እንኳ ሥራውን ጥለው አልሄዱም። እ.ኤ.አ. በ2012፣ በ88 ዓመታቸው፣ ኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው።

የ1996 ዓ.ም. የዜግነት አዋጅ ኢትዮጵያዊ ለመሆን የሚያመለክት የውጭ አገር ሰው ቢያንስ 4 ዓመት እንዲኖር፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ እንዲግባባ፣ መልካም ጠባይ እንዲኖረውና የታማኝነት መሐላ እንዲፈጽም ይጠይቃል። እኚህ እናት ግን 53 ዓመት ኖረዋል። ወረቀቱ ቀድሞ የሆኑትን መሰከረላቸው እንጂ አዲስ ነገር አልጨመረላቸውም። ሞዓባዊቷ ሩትም ከቤተ ልሔም ሰዎች የተቆጠረችው አማቷን በችግሯ ቀን ባለመተዋ ነው።

ለመሆኑ እኚህ እናት ያረጁት እነማንን ሲያገለግሉ ነው? ምጥ ለቀናት ጸንቶባቸው፣ ልጃቸው ሞቶ፣ በፊስቱላ ምክንያት ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን እህቶቻችንን ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ባላቸው የፈታቸው፣ ከጓሮ በተሠራች ጎጆ ለብቻቸው የሚቀመጡ፣ ከለቅሶና ከቡና የቀሩ ናቸው። የተወለዱት በዚሁ በአገራችን ነው፤ ዜግነታቸውን ማንም አይጠይቃቸውም። እኛ ግን በገዛ መንደራቸው ባዕድ አደረግናቸው። ባዕዷ ዜጋ ስትሆን ዜጋዋ ባዕድ ሆነች። ወገኖች፣ ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በባሕር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማእከል ተከፍቷል። ሕክምናው በነፃ ነው፤ አብዛኞቹም ይድናሉ። እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? በየቀበሌው ስንዞር የተሸሸገች እህት እንዳለች በፍቅር እንጠይቅ። በፍኖተ ሰላምና በዳንግላ አድርገን እስከ ባሕር ዳር እንሸኛት። ስትመለስም ከአጠገቧ ተቀምጠን ቡና እንጠጣ። ምጥ የጀመራትንም ሴት ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እናድርስ።

ዶክተር ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ2020 በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ አረፉ። እርሳቸው ወገን ያደረጓቸውን እኛም ወገን እናድርጋቸው። ጌታ ይርዳን።