አንድ ክምር፣ አንዲት እናት

የካቲት ሲገባ፣ ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ባለሙያዎች ቦቲያቸውን አጥልቀው ረግረግ ውስጥ ይገባሉ። የሚፈልጉት የኦሪገን ነጠብጣብ እንቁራሪትን እንቁላል ነው።

ቀረብ ብላችሁ ብታዩት መዳፍ የሚሞላ፣ የጠራ፣ ዝልግልግ ነገር ነው፤ ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቋቁር ነጥቦች አሉ። እያንዳንዷ ነጥብ ነገ የምትዘል ነፍስ ናት። ሴቶቹ እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ አንዷ ከሌላዋ አጠገብ ነው። ጭንቁም እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው ትንሽ ከሸሸ ወይም ሌሊት በረዶ ከሠራ፣ የብዙ እናቶች እንቁላል በአንዴ ይጠፋል። ባለሙያዎቹ የእንቁላሉን ክምር አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። አንድ ክምር የአንዲት እናት ስለሆነ፣ በዚያ ዓመት ስንት ሴቶች እንደጣሉ ይታወቃል።

ነሐሴ ላይ ሥራው አጨዳ ነው፤ ረግረጉን የወረረው ረጅም ሣር እንቁራሪቶቹን እንቁላል የሚጥሉበት ቦታ ያሳጣቸዋልና። ቡልፍሮግ የተባለው መጤ ግዙፍ እንቁራሪትም ይበላቸዋል።

እኔን ከሁሉ የነካኝ ግን የሴዳር ክሪክ ማረሚያ ቤት ታራሚዎች ሥራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ ለዓመታት እንቁላሉን ተቀብለው፣ የተፈለፈሉትን እየመገቡ አሳድገው፣ ሲጠነክሩ ወደ ረግረግ እንዲመለሱ አድርገዋል።

እንቁራሪቷ የፌዴራል ሕግ ጥበቃ ያገኘችው በዚያው አቆጣጠር በ2014 ነው። በዋሽንግተን ግዛት የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ በየካቲትና በመጋቢት ረግረግ ዳር ስትሄዱ፣ እባካችሁ ጥልቀት የሌለውን ውሃ አትርገጡ፤ እንቁላሉ ያለው እዚያ ነው።