የውኃ ፍሰትን መለካት ስለ ጤና ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፦

በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ብዙው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት መሆኑን የልጆቻችን ጥርስ ይመሰክራል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ፍሎራይዱን የሚይዘው ውኃው በዝግታ ሲያልፍ ነው፤ ከፈጠነ ፍሎራይዱ አብሮ ያልፋል፤ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይለይም።

ስለዚህ ከማጣሪያው መውጫ እንለካ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በ4 ደቂቃ ቢሞላ፣ በደቂቃ 5፣ በሰዓት 300 ሊትር ማለት ነው። ይህ ማጣሪያው ከተሠራበት መጠን ከበለጠ ቫልቩን እናጥብብ። ወረፋ ቢረዝም መፍትሔው ሌሊት የሚሞላ ማጠራቀሚያ ወይም ሁለተኛ ማጣሪያ እንጂ ቫልቩን መክፈት አይደለም። ልኬቱም በየወሩ በመዝገብ ይስፈር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።