ሁለተኛው ባትሪ ከምን ይሞላል?

በሽንፋ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የተደረገ ንግግር



ወንዙ በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ በሚሆንበት አገር ስለ ጀልባ ባትሪ መናገሬ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ከጣና የምጀምረው ቤተ ክርስቲያናችን ነገሩን በዚያ ስለምታውቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የግብርና ሚኒስቴር፣ ቤተ ክርስቲያናችንና የኔዘርላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች በጀመሩት የዓሣ ሀብት ልማት መርሐ ግብር የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገቡ። በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ይሠራ የነበረው አጥማጅ ወደ መካከል መውጣት ቻለ። ከዳር የራቀ ሰው ግን ሞተሩ አልነሣ ቢለው በመቅዘፊያ ብቻ አይመለስም።

ትንሹ ሞተር በገመድ ስለሚነሣ ባትሪ አይሻም። ከፍ ያለው ግን ሞተሪኖውን የሚያዞርለት ባትሪ አለው። አጥማጁ በዚያው ባትሪ ሌሊቱን መብራት ሲያበራ፣ ስልክ ሲሞላ ያድርና ንጋት ላይ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ ዝም ይላል። ስለዚህ ሁለተኛ ባትሪ ይገዛል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙዎች አዲሱን ባትሪ ከአሮጌው ጋር ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ አገናኝተው ይተዉታል። እንዲህ የታሰሩ ባትሪዎች ሞተሩ ሲጠፋ እንደ አንድ ባትሪ ይሆናሉ፤ መብራቱ ሁለቱንም ይጨርሳል፣ የደከመውም ብርቱውን ይስበዋል። ሁለት ባትሪ ገዝተው አንድ ባትሪ ካለው ሰው አልተሻሉም። በዚያ ላይ የትንሽ ሞተር ዲናሞ የሚሰጠው ጥቂት አምፔር ነው፤ ጀልባው ቀስ ብሎ ሲሄድ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አጭር ጉዞ ሁለቱን አይሞላም።

እኔ የምመክረው መለየትን ነው። የመጀመሪያው ባትሪ ለሞተሪኖ ብቻ ይሁን፤ የሚሞላውም ከዲናሞው ነው። ሁለተኛው ለመብራትና ለስልክ ሆኖ በራሱ የፀሐይ ፓነል፣ በቻርጅ መቆጣጠሪያ በኩል ይሞላ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። 10 ዋት የሆነ መብራት 10 ሰዓት ቢበራ ከ12 ቮልት ባትሪ 8 አምፔር ሰዓት ያህል ይወስዳል። 50 ዋት ፓነል በብርቱ ፀሐይ ወደ 3 አምፔር ገደማ ስለሚሰጥ፣ በ5 ሰዓት ውስጥ የሚባክነው ታስቦ እንኳ ይህን ይተካል። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባ። ይህች ትንሽ ዕቃ በጣም ትናቃለች፤ እርሷ በሌለችበት ግን ሽቦ ከሽቦ ቢነካካ እሳት ይነሣል።

ይህ ለእናንተስ ምኑ ነው? የደብራችሁ ጄኔሬተር በባትሪ ይነሣል፤ ያ ባትሪ ለድምፅ ማጉያ ተውሶ ካደረ በበዓሉ ማለዳ የሚሆነው በጣና ላይ ከሚሆነው የተለየ አይደለም። እንዲያውም እናንተ ዘንድ አንድ ነገር ይብሳል፤ እርሱም ሙቀቱ ነው። በመተማ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የባትሪ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ በ25 ዲግሪ 4 ዓመት የሚያገለግለው በ35 ዲግሪ 2 ዓመት ቢያገለግል ነው። የሚሞላበት ቮልትም በሙቀት ዝቅ ማለት አለበት፤ በ25 ዲግሪ 14.4 ቮልት የሚሻው በ40 ዲግሪ 14 ገደማ ይበቃዋል። ሙቀትን የሚለካ መቆጣጠሪያ ግዙ። ባትሪውን ከቆርቆሮ ሥር አታስቀምጡት፤ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ስጡት። ውኃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ጨምሩ፤ የወንዝ ውኃ ያበላሸዋል።

አባቶች ካህናትን አንድ ነገር ለይቼ አሳስባለሁ። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ጧፍ በሚበራበት ወይም ለማዕጠንት ፍም በሚያዝበት ክፍል ከቶ አይሞላ። ዕቃ ቤቱ ጠባብና መስኮት የሌለው ከሆነ እዚያም አይግባ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለጀልባም ሆነ ለሶላር መግዣ የሚለግስ በጎ አድራጊ ይገኛል፤ ለባትሪ መተኪያ የሚለግስ ግን እምብዛም ነው። ስለዚህ ባትሪው በተገዛበት ቀን ዋጋውን ለ24 አካፍላችሁ፣ የሚደርሰውን በየወሩ በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ለብቻው አስቀምጡ። የሚጠብቀውም አንድ ሰው ይሁን። ማለዳ ፀሐይ ሳታገኘውና ምንም ሳይበራበት በቴስተር ይለካው፤ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ ወደ 12.2 ከወረደ ግማሹ ስላለቀ ማታ አያብሩበት።

ያረጀውን ባትሪ አሲዱን ደፍቶ ቅርፊቱን መጣል በየቦታው ይታያል። በበጋ ዓሣው ሁሉ በሽንፋ ኩሬዎች ውስጥ ተሰብስቦ ነው የሚከርመው፤ ልጆቻችሁም የሚያጠምዱት ከዚያ ነው። በባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ መርዝ ነው። አሮጌውን ሳትከፍቱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አቆዩት፤ አዲሱን ልትገዙ ስትሄዱም ይዛችሁት ሂዱ፤ እርሳሱ ዋጋ ስላለው የሚቀበላችሁ ነጋዴ አታጡም።