በገመድ ላይ የሚሠራ ሥራ፤ ከሰባራ ድልድይ እስከ ጠፈር ጣቢያ



ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ መንገደኛ ሰባራ ድልድይን ያውቀዋል። በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን፣ ጎጃምንና በጌምድርን ለማገናኘት በድንጋይና በኖራ የተሠራው ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከለኛው ክፍሉ ፈርሶ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት ተሻጋሪው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ ማዶ የቆሙ ጎበዛዝት እየጎተቱት፣ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ፤ በ2005 ዓ.ም. ጎርፍ ብረቱን ወሰደው፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በአቅራቢያው በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ግንባታ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር አለመሆኑን ይህ ታሪክ ይመሰክራል። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያም ከዚህ ሕግ አልወጣም። ጣቢያው አንዳንድ ቀን ሲመሽ ወይም ጎሕ ሲቀድ ከብቸናም ሆነ ከሞጣ ሰማይ ላይ እንደ ደማቅ ኮከብ ሲያልፍ በዓይን ይታያል። ፍጥነቱ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከብቸና እስከ ሞጣ ያለውን የአየር ርቀት ለማቋረጥ ዐሥር ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል።

ይህ 420 ቶን ያህል የሚመዝን ሕንጻ በአንድ መንኮራኩር ተጭኖ አልወጣም። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1998 ዓ.ም. ተላከ፤ ሁለተኛው በዲሴምበር ሲጋጠም ጄሪ ሮስና ጄምስ ኒውማን ከመንኮራኩራቸው ወጥተው የኤሌክትሪክ መስመሮቹን በእጃቸው አገናኙ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ ለግንባታና ለጥገና ሲባል ከ270 ጊዜ በላይ ሰዎች ወደ ውጭ ወጥተዋል።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ የቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን ክብደት የሌለው ሠራተኛ መቆሚያ የለውም። ብሎን ላጥብቅ ሲል ብሎኑ ሳይሆን ራሱ ይዞራል። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1965 ዓ.ም. ከመንኮራኩር ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው አሌክሲ ሌኦኖቭ ልብሱ ተነፍቶበት፣ አየሩን እስኪቀንስ ድረስ ለመመለስ ተቸግሮ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ዩጂን ሰርናን በድካም ሥራውን አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ኤድዊን አልድሪን ግን አስቀድሞ በውሃ ውስጥ ተለማምዶ፣ የእግር ማጥበቂያና መያዣ ተበጅቶለት ሥራውን ፈጸመ። የመፍትሔው ሥር ጉልበት ሳይሆን ልምምድና መደገፊያ ነበር።

ዛሬ ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ንጹሕ ኦክሲጅን ለረዥም ጊዜ ይተነፍሳል። በልብሱ ውስጥ ያለው ግፊት በምድር ላይ ካለው የአየር ግፊት እጅግ ስለሚያንስ፣ በሰውነቱ ያለው ናይትሮጅን ካልወጣ በደሙ ውስጥ አረፋ ሊሆንበት ይችላል። ሲንቀሳቀስም አዲሱን ገመድ ሳያስር አሮጌውን አይፈታም። መሣሪያዎቹም ይታሰራሉ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል፤ በጠፈር ግን የፈሰሰ አይለቀምም። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ከአንዲት ሠራተኛ እጅ ያመለጠ የመሣሪያ ቦርሳ ተንሳፎ ሄዷል።

የእጅ ሥራ ዋጋ በግልጥ የታየው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። የፀሐይ ኃይል መቀበያው ሲዘረጋ ተቀደደ፤ ስኮት ፓራዚንስኪ በረዥም የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ባልደረቦቹ በጣቢያው ውስጥ ከተገኘ ሽቦ ባበጁት ማያያዣ ቀዳዳውን አጋጠመው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን አካል ማጥፋት አይቻልም ነበርና፣ መሣሪያዎቹ በማይተላለፍ ፕላስተር ተጠቅልለው ነበር።

ማስጠንቀቂያው ደግሞ በጁላይ 2013 ዓ.ም. መጣ። ሉካ ፓርሚታኖ ከሥራ ሲመለስ በራስ ቁሩ ውስጥ ውሃ ተገኘ፤ ከመጠጫ ከረጢቱ የፈሰሰ ነው ተብሎ ታለፈ። ከሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 16 ቀን፣ በዚያው ልብስ እንደገና ሲወጣ ውሃው ዓይኑንና አፍንጫውን ሸፈነው። ማየት ሲሳነው የደኅንነት ገመዱን ጉተታ ተከትሎ በሩን አገኘ፤ ጓደኞቹም ፈጥነው ራስ ቁሩን አወለቁለት። ኋላ ሲመረመር የልብሱን አየርና ውሃ የሚለየው ክፍል በቆሻሻ ተደፍኖ ተገኘ።

ያንን ሰው ያተረፈው ገመድ ነው፤ ለአደጋ ያጋለጠው ደግሞ የመጀመሪያው ጠብታ በቀላል ምክንያት መታለፉ ነው። ስለዚህ ድልድይ፣ ግድብ፣ ሕንጻ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር በኃላፊነት የተሰጠው ባለሙያ ከዚህ የሚወስደው ቁም ነገር ግልጥ ነው። ትንሿን ስንጥቅ በመዝገቡ ይጽፋል፤ ምክንያቷን እስኪያረጋግጥ ድረስም መዝገቡን አይዘጋም። በጠፈርም ሆነ በዓባይ ሸለቆ በገመድ የተንጠለጠለው ሰው ሕይወት፣ ገመዱን በያዙትና አስቀድመው በመረመሩት ሰዎች እጅ ነውና።