አራስ ወገን የላትም

ዛሬ ከስቶክሆልም በስተሰሜን፣ ሶለንቱና ስላሉ እኅቶቻችን ልናገር። ስዊድን ለአንድ ልጅ ወላጆች 480 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ትሰጣለች፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን መንግሥት ገንፎ አያገነፋም። በታኅሣሥ ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ስትጠልቅ፣ ከአራሷ ጎን የምትቀመጠው ጓደኛዋ ናት። አንዷ አጥሚት ታመጣለች፣ ሌላዋ ትልቁን ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ትቀበላለች። አገር ቤት እናትና ጎረቤት ያደርጉት የነበረውን ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ ፖለቲካው ማኅበሩንም እቁቡንም ሲከፋፍል፣ ባሏ «የእነዚያ ወገን ነው» ተብሎ የማትጠየቅ አራስ መኖሯ ነው። እኅቶቼ፣ አራስ ቤት ስንገባ ብሔርና ፓርቲ ከደጅ ይቅር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የማንንም ፈቃድ አንጠብቅ። ቸር ይግጠመን።