ስለ ጓሳ የተጠናው ለእኛም ይነገረን

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በቀየት ለተሰበሰቡ አባላትና እንግዶች የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ “ስለ ሳይንስና ምርምር ጥቂት ተናገር” ብሎ ሲያዘኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ነበር። ነገር ግን ስለዚያ ከእኔ የተሻሉ ባለሙያዎች በመካከላችን አሉ። ደግሞም አንድ የሚከነክነኝ ጥያቄ አለ። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ እንዲህ አለ፦ “እኔ መሬት የለኝም። ጓሳ ላይ ግን ቀበሮና ዝንጀሮ ያን ሁሉ መሬት ይዘው ተቀምጠዋል። ፈረንጁም የአገሩም ሰው በመነጽር እያየ ያጠናቸዋል። ከዚህ ሁሉ ጥናት ለእኔ ምን ደረሰኝ?” ያኔ ብዙዎቻችን ሳቅን፤ ስብሰባውም ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ዛሬ የተሰጠኝን ሰዓት ለእሱ መልስ ላውለው።

ጓሳን የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ውርጫማ ደጋ ነው። በቆርቆሮ ቤት ያደጋችሁ ልጆች ላታስተውሉት ትችላላችሁ እንጂ፣ እኛ ባደግንበት ቤት ክዳኑ ጓሳ፣ ገመዱ ጓሳ፣ ዝናብ የምንከላከልበት ገሳም ጓሳ ነበር።

ይህ ሳር እስከ ዛሬ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ አነጋገር፣ መሬቱን የአቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ናቸው። የእነሱ ተወላጆች ቀሮ በተባለው ሥርዓት፣ በመረጡት አለቃ አማካይነት፣ ጓሳውን ይጠብቁ ነበር። ሳሩ ደርሶ እስኪበቃ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ሲከፈትም በበጋ ነው፤ ሐምሌ አቦ ሲደርስ ተመልሶ ይዘጋል። ደንብ ያፈረሰ ሰው ቅጣቱ ቀላል አልነበረም፤ እስከ ቤት ማቃጠል ይደርስ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የአጽመ ርስቱ መብት ቀረ፤ ቀሮም አብሮ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዕድሜ የገፋችሁ አባቶች ታስታውሳላችሁ። ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ አላየም፤ ከአዋሳኝ ቀበሌዎች ተወካዮችን መርጦ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አጸናው።

ይህን ታሪክ በወረቀት ላይ አስፍረው ለዓለም ምሁራን ካቀረቡት መካከል ዋነኛው ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ስለ ጓሳና ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። ዋናው ፍሬ ነገሩ ቀበሮው የተረፈው ሳሩ ስለተረፈ ነው፤ ሳሩም የተረፈው ደንብ ስለነበረው ነው የሚል ነው። የጋራ መሬት ባለቤት የለውምና መጥፋቱ አይቀርም ለሚሉ ሰዎች ትልቅ መልስ ነው። ለእኛ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ሰዎችማ ምን ያህል እንደሚያኮራ አስቡት!

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ ልምጣ። ጓሳ ቢታረስስ?

እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የኢትዮጵያ የሥነ ምድር ካርታ አለ። ያዘጋጁት መንገሻ ተፈራ፣ ታደዎስ ጨርነትና ወርቅነህ ሀሮ ናቸው። በዚያ ካርታ ላይ ጥቁሩ ድንጋያችን በመላ አገሪቱ የሚጠራው በሰሜን ሸዋ ስሞች ነው፤ ጣርማ በርና መገዘዝ። በጎንደርም ሆነ በሌላ ሥፍራ የሚሠራ የሥነ ምድር ባለሙያ ይህን ዓይነት ድንጋይ ሲያገኝ የእኛን ተራራ ስም ይጽፋል። (እኔ ይህን ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ለልጆቻችን በትምህርት ቤት ቢነገር ምን ነበረበት?) ይህ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ከመሬት ውስጥ እየፈላ በወጣ እሳተ ገሞራ ተደራርቦ የተሠራ ነው። በኋላ በምሥራቅ በኩል ያለው የአፋር ምድር ሲሰምጥ እኛ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቀረን። ስለዚህ ጓሳ ላይ የዘነበው ውኃ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ የምሥራቁ ወደ አዋሽ ተፋሰስ፣ የምዕራቡ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ።

የጓሳ ሳር ቁጥቋጦ እየሆነ ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅል ነው። ዝናቡንና ጉሙን ይይዛል፤ አፈሩን ይሸፍናል። ያ ሳር ተነቅሎ ተዳፋቱ ቢታረስ ድንች አይበቅልም አልልም፤ ለጥቂት ዓመት ይበቅላል። ከዚያ አፈሩ ወደ ታች ይሄዳል፤ ከሥር ያለው ደግሞ ያ ጥቁር ድንጋይ ነው። በበጋ ከምንጭ የሚጠጣው፣ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማው የታችኛው አባላችን ውኃ የሚመጣው ከዚያው ነው። ጎጃም ውስጥ ጮቄ ተራራን ያየ ሰው እርሻ ወደ ላይ እየወጣ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር፤ ዛሬ የለም።

“ቀበሮ ባይኖርስ?” የሚል ይኖራል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ቁጥሩም ከ500 አይበልጥም። ጠቦት ነክቶ አያውቅም ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ዋነኛ ምግቡ አይጥ ነው። ገብስ ዘርቶ ከአይጥ ጋር የተካፈለ ገበሬ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ጭላዳዎቹን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2005 በፒተር ፋሺንግና በንጋ ንጉየን የተጀመረው ጥናት ለዓመታት በየቀኑ ሲመዘግብ የኖረ ነው። ቢያንስ 56 የዕፅዋት ዓይነቶች እንደሚመገቡ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2009 የበረሃ አንበጣ በወረደ ጊዜም አንበጣውን እየለቀሙ እንደበሉ ጽፈዋል። ከሁሉ የገረመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ነው። ቪቬክ ቬንካታራማን ከባልደረቦቹ ጋር እንዳጠናው፣ ቀይ ቀበሮ በሚግጡ ጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲያድን ግን 25ቱ ብቻ። ምናልባት የመንጋው እንቅስቃሴ አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጣል፣ ወይም ቀበሮውን ይከልለዋል የሚል ግምት አላቸው። ጭላዳዎቹም ቀበሮውን አይሸሹም። ውሻ ካዩ ግን ወደ ገደል ይሮጣሉ። እረኞቻችን ቀበሮና ጭላዳ አብረው እንደሚውሉ ድሮም ያውቁ ነበር፤ ያልነበራቸው ቁጥሩ ነው።

ውሻን ካነሳሁ አንድ ነገር አስረግጬ ልናገር፤ ከዚህ ሁሉ ጥናት ነገ ጠዋት ቤታችን የምንጠቀምበት ይህ ነውና። ጓሳ ላይ ጭላዳዎች ሰውነታቸው ላይ ትልልቅ እብጠት ሲያወጡ ታያላችሁ። ይህ ከውሻና ከቀበሮ ወገን በሚመጣ የኮሶ ትል እንቁላል የሚያዝ በሽታ ነው፤ እብጠት የያዛት እናት ጭላዳ ዕድሜዋ እንደሚያጥር፣ ልጇም ብዙ ጊዜ እንደማይተርፍ በጥናቱ ታይቷል። የበጋችንን አንጎል እያዞረ የሚገድለው፣ እኛ አዙሪት የምንለው በሽታ ደግሞ የዚያው ትል የቅርብ ዘመድ ያመጣዋል። መንገዱም አንድ ነው። በአዙሪት የሞተ በግ ጭንቅላት ለውሻ ይጣላል፤ ውሻው ትሉን ያሳድጋል፤ እንቁላሉን ግጦሹ ላይ ይጥላል፤ ሌላው በግ ይግጠዋል። ስለዚህ ጭንቅላቱን መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለውሻም የትል መድኃኒት መስጠት ነው። የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ ከውሻ ወደ ቀበሮ ተላልፎ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን ፈጅቷል። እኛ ቤት ደግሞ ልጅ ነው የሚነክሰው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ ወጣቱ “ለእኔ ምን ደረሰኝ” ማለቱ ለምንድን ነው? ስላልነገርነው ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የተቀመጠው በሩቅ ነው። እኔ ራሴ የልማት ሠራተኛ ሳለሁ አንድ ተማሪ መጥቶ ሁለት ሳምንት አብሬው ዞርኩ። በየቤቱ እየገባ መጠይቅ አስሞላ፤ እናቶች ቡና አፍልተው፣ ቆሎ ቆልተው ተቀበሉት። ሲሄድ “ውጤቱን አመጣላችኋለሁ” አለ። እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው። ከቡና አፍይዎቹ ሁለቱ አርፈዋል።

ሌላ መንገድ እንዳለም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በዚሁ በመንዝ የተጀመረውን ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ አስታውሱ። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና አጋሮቹ መዝነው ይመዘግባሉ፤ አውራውን የሚመርጠው ግን ገበሬው ነው። እዚያ ገበሬው የተመዘገበውን ለማወቅ መጽሔት ፍለጋ መሄድ አላስፈለገውም።

ለወጣቱ መልሴ ጓሳን አርሰህ ብላ የሚል አለመሆኑን አሁን ተረድቷል። መሬት ማጣቱንም ቀበሮ አላመጣበትም፤ ጓሳ ቢከፋፈልም ለሁሉም አይበቃም። ግን ባዶ እጁን ላሰናብተው አልፈልግም። ስለዚህ ለሥራ አመራር ቦርዱ የምጠይቀው ይህን ነው። ስለ ጓሳ የወጡት ጥናቶች ተሰብስበው ቅጂያቸው ዩኒየናችን ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ዋና ዋናው በአማርኛ በአንድ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ የጓሳ ወሰን ካርታም በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ወሰን ሲገፋ አባላት በዓይናቸው እንዲያዩት። ወደፊት ሊያጠና የሚመጣ ሰው ሁሉ ከመግባቱ በፊት ውጤቱን ተመልሶ በስብሰባ እንዲያስረዳ ይፈርም። ቆጠራና ምዝገባ ሲኖርም ረዳት ሆነው በደመወዝ የሚሠሩት መሬት የሌላቸው የአባላት ልጆች ይሁኑ።

ይህን የሚከታተል ኮሚቴ ያስፈልገዋል። ጥያቄውን ያነሳው ወጣት ዛሬም ከኋላ በኩል ተቀምጦ አየዋለሁ። አባላት ሲመረጡ የመጀመሪያው ስም የእሱ ሆኖ እንዲያዝልኝ ሰብሳቢውን በትሕትና እጠይቃለሁ።