ዘላቂ ማኅደረ ትውስታን ለከርነል ስለ ማስታወቅ



ኮምፕዩተር ሲነሣ የሥርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ስለሚሠራበት መሣሪያ የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነው። የትኛው የአድራሻ ክልል ማኅደረ ትውስታ እንደ ሆነና የትኛው ለሌሎች መሣሪያዎች መቈጣጠሪያ እንደ ተሰጠ የሚነግረው ከእርሱ ቀድሞ የነቃው ፈርምዌር ነው። ለብዙ ዘመን ይህ ርክክብ አጭር ነበር። መነሻ አድራሻና መጠን ከተነገረው፣ ከርነሉ ክልሉን ተቀብሎ እንደ ፈቀደ ያከፋፍለዋል። ኀይል ሲቋረጥ ሁሉም የሚጠፋ በመሆኑ፣ በውስጡ ቀድሞ ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅ አልነበረም።

ዘላቂ ማኅደረ ትውስታ ይህን ልማድ አፈረሰው። ዕቃው ከተራው ራም ጎን ይሰካል፤ ፕሮሰሰሩም በተለመደው የማንበብና የመጻፍ ትእዛዝ ይደርስበታል፤ ኀይል ሲቋረጥ ግን የያዘውን አይለቅም። አንደኛው ዐይነት ራምና ፍላሽ በአንድ ሰሌዳ ላይ ያጣመረ ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ በመጠባበቂያ ኀይል የራሙን ይዘት ወደ ፍላሽ ይገለብጣል። ሌላው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2019 በ128፣ በ256 እና በ512 ጊጋባይት መጠን ለገበያ ያቀረበው ኦፕቴን ነው። ኩባንያው በ2022 ሥራውን እንደሚያቆም ቢያስታውቅም፣ ዕቃው ያስነሣው ጥያቄ አብሮት አልቆመም።

ጥያቄው ይህ ነው። ከርነሉ ዘላቂውን ከተራው በራሱ ሙከራ ሊለይ አይችልም። ቍጥር ጽፎ መልሶ ቢያነብ ሁለቱም ያንኑ ይመልሱለታል። ልዩነታቸው የሚገለጠው ኀይል በተቋረጠ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጠያቂው ራሱ የለም። ስለዚህ ሊነገረው ግድ ነው። ሳይነገረው ቀርቶ ክልሉን እንደ ተራ ራም ቢረከበው፣ ትናንት በአደራ የተቀመጠውን የሒሳብ መዝገብ ለዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ያድለዋል። በአንጻሩ ተራው ራም ዘላቂ ነው ተብሎ ከተነገረው፣ ስሕተቱ የሚታወቀው መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሊኑክስ ይህን በፈቃድ ለማድረግ እንኳ መንገድ አለው፦ ከርነሉ ሲነሣ በሚሰጠው የ‹ሜምማፕ› መመሪያ መጠኑና መነሻ አድራሻው በቃለ አጋኖ ምልክት ተለይተው ከተጻፉ፣ ያ የራም ክፍል እንደ ዘላቂ ይመዘገባል። ለሙከራ የሚመች ነው፤ እውነተኛ መረጃ ግን በዚያ ላይ አይቀመጥም።

ትክክለኛው ማስታወቂያ በሁለት መልክ ይመጣል። የመጀመሪያው በ2015 በወጣው በ6.0ኛው የኤሲፒአይ ደንብ የተካተተው ኤንፊት የተባለው ሠንጠረዥ ነው። ከዚያ በፊት አንዳንድ ፈርምዌሮች በማኅደረ ትውስታ ዝርዝር ላይ 12 ቍጥርን ለዚህ ጉዳይ ይጠቀሙ ነበር፤ ደንቡ ያጸደቀው መለያ ግን 7 ሆነ። ሠንጠረዡ አድራሻ ነግሮ አያበቃም። አንድ ተከታታይ መስሎ የሚታይ ክልል በስንት ሰሌዳዎች ላይ ተሠራጭቶ እንዳረፈ ጭምር ያስረዳል፤ ከእነዚያ አንዱ ቢነቀል ክልሉ በሙሉ ይበላሻልና። ሊኑክስ በዚያው ዓመት በወጣው በ4.2 ከርነሉ ይህን ማንበብ ጀመረ።

ሁለተኛው በ2018 ወደ ሊኑክስ የገባው የዲቫይስ ትሪ መግለጫ ሲሆን፣ እጅግ አጭር ነው፤ የዕቃው ዐይነት፣ የአድራሻው ክልል፣ ሲያስፈልግም ‹ቮላታይል› የምትል አንዲት ቃል። ቃሏ ከተጻፈች ክልሉ ኀይል ሲቋረጥ የሚጠፋ ነው ማለት ነው። ካልተጻፈች ግን ከርነሉ ዘላቂ ነው ብሎ እንዲይዘው ይገደዳል። የዚህ ትርጕም የሚገባው የአጻጻፉን ጕዞ ለሚያውቅ ነው። ፕሮሰሰሩ የጻፈው ነገር ወዲያው ወደ ማኅደሩ አይወርድም፤ በካሽ ውስጥ ይቈያል፤ እንዲወርድም በልዩ ትእዛዝ ሊገፋ ይገባል። መግፋቱ ጊዜ ይወስዳል። ‹ቮላታይል› የምትለው ቃል ከርነሉን ከዚህ ድካም ነጻ ታወጣዋለች፤ ዝምታ ግን ድካሙን ያስቀጥላል። ዝምታን ወደ ጥንቃቄ የተረጐሙት ሰዎች ደግ ሠርተዋል፤ በስሕተት የሚከፈለው ዋጋ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነውና። ቃሏን ሊጽፍ የሚገባው ሳይጽፍ ቢቀር ግን ከርነሉ በከንቱ እየገፋ ለተጠቃሚው ሐሰተኛ ዋስትና ይሰጣል።

አጭሩ መግለጫ የሚያጐድለው ሌላም ነገር አለ። ዘላቂነት አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያበቃ ጠባይ አይደለም። መጠባበቂያው ኀይል ያረጃል፤ ያን ጊዜ ትናንት ዘላቂ የነበረው ሰሌዳ ዛሬ ተራ ራም ይሆናል። ኤንፊት ለዚህ ስፍራ አዘጋጅቷል፦ ባለፈው ጊዜ ይዘቱን ማዳን ያልቻለ ሰሌዳ ምልክት ይደረግበታል፤ አሁን ለማዳን ያልተዘጋጀውም እንዲሁ። ሊኑክስ የኋለኛውን ምልክት ሲያይ ክልሉን እንዲነበብ እንጂ እንዲጻፍበት አይፈቅድም። የዲቫይስ ትሪው መግለጫ እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው፣ ያረጀው መጠባበቂያ የሚታወቀው መብራት በጠፋበት ሌሊት ነው።